የጉንዳን ወረራና የአንበሳ ቀለብ
ስለ መጤ አዳኝ ነፍሳት ለሕዝብ የተሰጠ ትምህርት



ሰው ስለ አራዊት ባሰበ ጊዜ አስቀድመው በኅሊናው የሚሣሉለት አካላቸው የገዘፈ፥ ድምፃቸው የሚያስደነግጥ፥ ጥርሳቸውና ቆዳቸው በገበያ የከበረ እንስሳት ስለ ሆኑ፥ መንግሥታትም የዱር አራዊት ጥበቃ ሕግ ባወጡ ቍጥር ዘበኛ የሚያቆሙት ለዝሆን፥ ለአውራሪስና ለአንበሳ ነው። ይህ ሥራ ምስጋና እንጂ ነቀፋ አይገባውም። ነገር ግን በሥርዓተ ፍጥረት ታላቁ በታናሹ ተደግፎ የሚኖር መሆኑን፥ ታናሹ ከስፍራው በተነሣ ጊዜም በታላቁ ላይ የሚደርሰውን ለማወቅ የሚሻ ሰው፥ ዐይኑን ከአንበሳው ላይ አንሥቶ ወደ ምድር ዝቅ ማድረግና ርዝመቷ ከ2 ሚሊሜትር እምብዛም የማያልፍ አንዲት ጉንዳን የምትሠራውን መመልከት ይገባዋል። ጠቢቡ ሰሎሞን ሰነፉን ሰው ወደ ጉንዳን ሄዶ ትጋትን እንዲማር አዝዞታል፤ እኛ ግን ዛሬ ወደ ጉንዳን የምንሄደው ትጋቷ ያለ ስፍራው በዋለ ጊዜ ምን ያህል ጥፋት እንደሚያመጣ ለመማር ነው።

የትምህርቴ ነገር፥ ከተፈጠሩበት አገር በሰው ጓዝ ውስጥ ተሰውረው ወጥተው ወደ ሌላ አገር የገቡ፥ ሌላውንም ፍጥረት እያደኑ የሚበሉ ነፍሳት፥ በገቡበት አገር የመብል ሥርዓት ላይ ስለሚያመጡት ሁከት ነው። በትምህርት ቤት ሳለን ሣሩን ሚዳቋ ይበላዋል፥ ሚዳቋን ነብር ይበላዋል፥ ነብሩም ሲሞት ትልና ሻጋታ ወደ አፈር ይመልሰዋል እየተባለ ነገሩ በአንድ መስመር ተከታትሎ ይነገረን ነበር፤ ይህ እውነት ነው፥ ግን ሙሉው እውነት አይደለም። በአንድ ምድር የሚኖሩ ሕያዋን የሚተሳሰሩት በመበላላት ብቻ ሳይሆን፥ አንዱ ለሌላው ዘበኛ በመሆን፥ አንዱ የሌላውን ዘር በመቅበር፥ አንዱ ለሌላው ጥላና መሸሸጊያ በመስጠት ጭምር ስለ ሆነ፥ ኑሯቸው አንዱ ክር ሲበጠስ በሩቅ ያለው ክር የሚላላበትን ድር ይመስላል። እንደ እኔ እምነት የመጤ አዳኝ ጉዳት የሚከፋው በበላው ፍጥረት ብዛት አይደለም፤ የተበላው ፍጥረት ለሌሎች ይሰጠው የነበረው አገልግሎት አብሮት ስለሚጠፋ ነው። ይህንም በረቂቅ ቃል ከማስረዳት ይልቅ፥ በጎረቤታችን በኬንያ ለብዙ ዓመታት በጥንቃቄ የተጠናውን ነገር በዝርዝር ልተርክላችሁ።

ከኬንያ ተራራ በስተ ሰሜን ምዕራብ፥ የምድር ወገብ በሚያልፍበት አካባቢ፥ ላይኪፒያ የተባለ ሰፊ አምባ ይገኛል። ምድሩ በብዙ ስፍራ እኛ መረሬ የምንለው ጥቁር አፈር ሲሆን፥ በበጋ እየተሰነጠቀ በዝናብ ጊዜ ደግሞ እየጨቀየ እግርና ጎማ ይይዛል። በዚህ አፈር ላይ ዛፍ ሆኖ የሚጸናው ከሞላ ጎደል አንድ የግራር ዓይነት ነው፤ ከመቶው ዛፍ እንደየስፍራው ከ70 እስከ 99 የሚሆነው እርሱ ነው። ይኸው ግራር በእኛም አገር በቦረና ቆላ ይበቅላል። እሾሁ ረጅምና ነጭ ነው፤ ከእሾሆቹም አንዳንዶቹ ከሥራቸው አብጠው ክብ ይሆናሉ። እብጠቱ በለጋነቱ ለስላሳ ነው፤ እየቆየ ሲሄድ ይደርቅና ይጠቁራል፥ ውስጡም ባዶ ይሆናል። ጉንዳኖች በመንጋጋቸው በስተው ትንሽ ቀዳዳ ያበጁለታል፥ ገብተውም እንቁላላቸውንና እጫቸውን ያሳድጉበታል፤ ነፋስ በቀዳዳው ላይ ባለፈ ጊዜም ዛፉ ሁሉ ያፏጫል። እንግሊዞችም ግራሩን በዚሁ ፉጨቱ ይጠሩታል።

ዛፉ ለጉንዳኖቹ የሚሰጣቸው ቤት ብቻ አይደለም። በቅጠሉ አገዳ ሥር ባሉት ጥቃቅን ዕጢዎች ጣፋጭ ፈሳሽ እያመነጨ ይቀልባቸዋል። በላይኪፒያ አራት የጉንዳን ወገኖች በዚህ ግራር ላይ ይኖራሉ፤ በአንድ ዛፍ ላይ ግን በአንድ ጊዜ የሚነግሠው ከአራቱ አንዱ ብቻ ስለ ሆነ፥ ስለ ዛፍ ርስት እርስ በርሳቸው ሲዋጉ ይኖራሉ። ቀለብ የሚበላ ሁሉ አገልግሎት አለበትና፥ አንድ እንስሳ ቅርንጫፉን በነካ ጊዜ በሺህ የሚቈጠሩ ጉንዳኖች ከየእሾሁ ይወጣሉ፥ የማንቂያ ሽታቸውን ይረጫሉ፥ በመንጋጋቸውም ነክሰው ይንጠለጠላሉ። የዝሆን ቆዳ ውፍረቱ የታወቀ ቢሆንም ኩምቢው በውስጥ በኩል ልስልስና ሕመም የሚሰማው ነው፤ ስለዚህ በዚያ ግራር ላይ ኩምቢውን የጠመጠመ ዝሆን፥ ጉንዳን በአፍንጫው ቀዳዳ ገብቶ የውስጡን ሥጋ ሲነክሰው፥ ቅርንጫፉን ጥሎ ኩምቢውን እያራገበ ይሸሻል።

ይህ ነገር በወሬ ብቻ የቀረ እንዳይመስላችሁ፥ ጄከብ ጎሂንና ቶድ ፓልመር የተባሉ ሁለት ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ2010 ባሳተሙት ጥናት በግልጽ ፈትነውታል። እናታቸው ለሞተችባቸውና በሰው እጅ ለሚያድጉ ግልገል ዝሆኖች፥ ጉንዳን ያለባቸውንና ጉንዳናቸው የተራገፈላቸውን የዚህን ግራር ቅርንጫፎች አቀረቡላቸው፤ በተፈጥሮው ጉንዳን የማይኖርበትን ሌላ የግራር ዓይነትም አንዳንዱን እንዳለ፥ አንዳንዱን ጉንዳን አስፍረውበት ጨመሩላቸው። ዝሆኖቹ ጉንዳን የሌለበትን ሁሉ ዓይነቱን ሳይለዩ በሉት፤ ጉንዳን ያለበትን ግን የትኛውም ቢሆን ሸሹት። የግራሩ መዳኛ ከእሾሁ ይልቅ ዘበኛው መሆኑ በዚህ ታወቀ። ቀጭኔ ግን እንደ ዝሆን አይደለችም፤ ረጅሙን ምላሷን ዘርግታ ጉንዳኖቹን እየጠረገች ትበላለች። ይሁን እንጂ ቀጭኔ ቅጠሉን ትለቅማለች እንጂ ዛፉን ገንድሳ አትጥልም።

ይህ የዛፍና የጉንዳን ኪዳን ምን ያህል የተመዛዘነ መሆኑን የሚያሳይ ሌላ ፈተና አለ፤ ስለ እርሱም ጥቂት መቆየት እወዳለሁ፥ ምክንያቱም በዚህ ሁሉ ጥናት ውስጥ እንደ እርሱ ያስደነቀኝ የለም። እ.ኤ.አ. በ1995 በላይኪፒያ አንዳንድ ስፍራዎች ትልልቅ ቅጠል በል እንስሳት እንዳይገቡባቸው ታጠሩ። ሰው ቢጠየቅ ዛፉ ከጠላቱ ተገላግሎ ይፋፋል ብሎ ይመልስ ነበር። ከ10 ዓመት በኋላ ግን የተገኘው የዚህ ተቃራኒ ሆነ። ጠላቱ የራቀለት ግራር ለዘበኞቹ የሚሰጠውን ጣፋጭ ፈሳሽ ቀነሰ፥ ባዶ እሾህም ማብቀልን አሳነሰ፤ ቀለባቸው የተቋረጠባቸው ጉንዳኖችም ተዳከሙ፥ በምትካቸውም በእሾሁ ውስጥ የማይኖር፥ ይልቁንም ግንድ የሚበሳ ጢንዚዛ በሠራው ጉድጓድ የሚያድር ሌላ የጉንዳን ወገን ዛፎቹን ወረሰ። በአጥሩ ውስጥ የነበሩት ግራሮች ዕድገታቸው ዘገየ፥ የሚሞተውም ዛፍ በዛ። እንግዲህ በዚያ ምድር የዛፉ ደኅንነት በዝሆን፥ በቀጭኔና በጉንዳን መካከል ለረጅም ዘመን ሲደራጅ በኖረ ስምምነት ላይ የተመሠረተ ነበር ማለት ነው። ባዕድ የገባው በዚህ ስምምነት መካከል ነው።

ባዕዱ ባለ ትልቅ ራስ ጉንዳን ይባላል። የዴንማርኩ ሊቅ ፋብሪሲየስ እ.ኤ.አ. በ1793 ከሞሪሺየስ ደሴት የተገኘውን አይቶ በመጽሐፍ አስመዝግቦታል። ዛሬ በዓለም ላይ ክፉ ጥፋት ካደረሱት 100 ወራሪ ፍጥረታት ዝርዝር ውስጥ ተቈጥሯል። ከሠራተኞቹ መካከል ወታደር የሆኑት ራሳቸው ከቀረው አካላቸው ጋር የማይመጣጠን ትልቅ ስለ ሆነ ይህን ስም አሰጥቷቸዋል። በዚህ ጉንዳን ዘንድ የአንዱ ጎጆ ነዋሪ ከሌላው ጎጆ ነዋሪ ጋር አይጣላም፤ በአንድ ጎጆም ብዙ ንግሥታት ይኖራሉ፤ ስለዚህ ሌሎቹ የጉንዳን ወገኖች እርስ በርስ በመዋጋት የሚያጠፉትን ኃይል እርሱ ለመስፋፋት ያውለዋል። ንግሥቲቱ አዲስ ጎጆ ለመመሥረት ርቃ አትበርም፤ ከጥቂት ሠራተኞች ጋር በእግሯ ወጥታ በቅርብ ትሰፍራለች፤ ስለዚህም በራሱ ጉዞ በዓመት የሚገፋው 50 ሜትር ያህል ብቻ ነው። ከደሴት ወደ አህጉር፥ ከወደብ ወደ ደጋ ያደረሰው የሰው ዕቃ ነው፤ የአበባ ማሰሮ፥ የችግኝ አፈር፥ የቤት መሥሪያ እንጨት፥ የቆሻሻ ክምር። ይህን ነገር ልብ በሉልኝ፥ በኋላ እመለስበታለሁና።

ወደ ላይኪፒያ የገባው ከሃያ ዓመት በፊት ገደማ ነው። ወደ ግራሩም በደረሰ ጊዜ ከእሾሁ ወደ እሾህ እየተዘዋወረ የአገሩን ጉንዳኖች ገደለ፥ እንቁላላቸውንና እጫቸውንም ጎትቶ በላ። ከዛፉ ሥር በአፈር ውስጥ ጎጆውን ሠርቶ ይኖራል፤ ነገር ግን ያባረራቸው ጉንዳኖች የነበረባቸውን አገልግሎት አይፈጽምም፥ ዝሆን ሲመጣ ወጥቶ አይዋጋም። በተወረረው ስፍራ ቅርንጫፍ ይዞ የሚነቀንቅ ሰው እጁን የሚነክሰው ጉንዳን አያገኝም፤ እሾሁ ባዶውን ተንጠልጥሏል፥ ቀዳዳውም ክፍት ነው። ከሩቅ ለሚያይ ዛፉ አልተለወጠም፤ ቅጠሉ አለ፥ እሾሁም አለ። ዝሆኖች ግን ለውጡን ለማወቅ ብዙ ጊዜ አልወሰደባቸውም። በተወረረው ምድር ዝሆኖች ግራሩን የሚበሉትና የሚሰብሩት ካልተወረረው ምድር ከ5 እስከ 7 ጊዜ በሚበልጥ መጠን መሆኑ ታውቋል። ዝሆን ደግሞ ሲበላ ቅጠል በመልቀም አይወሰንም፤ ግንዱን ገፍቶ ይጥላል፥ ቅርፊቱን ይልጣል፥ ሥሩንም ይነቅላል። ከጊዜ በኋላ ዛፍ የነበረበት ምድር ወደ ገላጣ ሣር ሜዳነት ይለወጣል።

እዚህ ላይ ነገሩ ወደ አንበሳው ይደርሳል። በላይኪፒያ የአንበሳ ዋና ቀለብ የሜዳ አህያ ነበረች። አንበሳ እንደ ተኩላ ለረጅም ሰዓት እየሮጠ የሚያደን አይደለም፤ አድብቶ፥ በቅጠልና በጥላ ተሸሽጎ፥ ከቅርብ ርቀት ዘሎ የሚይዝ አዳኝ ነው። ግራሩ በወደቀበት ሜዳ ግን የሜዳ አህያዋ አሻግራ ታያለች፥ አንበሳውንም ሳይደርስባት ታመልጠዋለች። ዳግላስ ካማሩ የተባለ ኬንያዊ ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ በኦል ፔጄታ የአራዊት መጠበቂያ ያደረገውንና እ.ኤ.አ. በጥር ወር 2024 የታተመውን ጥናት የሚያነብ ሰው፥ ባለ ትልቅ ራስ ጉንዳን ባልገባበት ስፍራ የሜዳ አህያ በአንበሳ የመገደሏ ነገር ጉንዳኑ ከገባበት ስፍራ ወደ ሦስት ጊዜ የሚጠጋ ብልጫ እንዳለው ይረዳል። እ.ኤ.አ. በ2003 አንበሶች ከገደሏቸው እንስሳት ከመቶ 67ቱ የሜዳ አህዮች ነበሩ፤ በ2020 ግን ይህ ቍጥር ወደ 42 ወረደ። በአንጻሩ በ2003 ከመዝገቡ ያልነበረው ጎሽ በ2020 ከመቶ 42 ሆነ።

ጎሽን ማደን ለአንበሳ ቀላል ሥራ አይደለም። ጎሽ ከሜዳ አህያ እጅግ ይከብዳል፥ በቀንዱ ወግቶ አንበሳ ይገድላል፥ ለመጣልም ብዙ አንበሶች መተባበር ይኖርባቸዋል። የአንበሶቹ ቍጥር ግን በዚህ ዘመን ሁሉ አልቀነሰም። ሊቃውንቱ ይህን ሳይሸሽጉ ጽፈዋል፥ በዚህም አከብራቸዋለሁ፤ ነገሩን ለማስፈራሪያነት አጋንኖ መናገር ይቻል ነበርና። የተመለከቱትን ተመለከትን አሉ፦ አንበሳው አመጋገቡን ለውጦ ኑሮውን ቀጥሏል። ነገር ግን ቀለቡ ወደ አስቸጋሪና አደገኛ እንስሳ የዞረበት አዳኝ ለወደፊቱ ምን እንደሚገጥመው፥ ጎሹስ በዚህ ምክንያት ምን እንደሚሆን፥ አዳኟ የሳሳላት የሜዳ አህያስ በሣሩ ላይ ምን እንደምታደርግ ዓመታት የሚያሳዩት ነገር ነው። ለጥቁሩ አውራሪስም ይህ ግራር ከመብሎቹ አንዱ ነው። ኦል ፔጄታ በምድር ላይ የቀሩት ሁለቱ የሰሜን ነጭ አውራሪሶች በመሣሪያ ታጅበው ሌሊትና ቀን የሚጠበቁበት ስፍራ መሆኑን ብዙዎቻችሁ ሰምታችኋል። ይህን ያህል ዘበኛ በቆመበት ቅጥር ውስጥ ነው እንግዲህ ጉንዳኑ ማንም ሳያየው ገብቶ፥ መላውን የመብል ሥርዓት ከሥሩ ያናጋው።

የዚህ ጉንዳን ታሪክ በኬንያ አልጀመረም። በሃዋይ ደሴቶች የአገሩ ተወላጅ የሆነ ጉንዳን ከቶ አልነበረም፤ የደሴቶቹ ጢንዚዛዎችና ሌሎች ነፍሳት የጉንዳንን ጠባይ ሳያውቁ ለብዙ ሺህ ዓመታት የኖሩ ነበሩ። እ.ኤ.አ. ከ1892 ጀምሮ የደሴቶቹን ነፍሳት የሰበሰበው እንግሊዛዊው ፐርኪንስ፥ ባለ ትልቅ ራስ ጉንዳን በገነነባቸው ቆላማ ስፍራዎች የአገሩ ጢንዚዛዎች ታጥተው ማግኘቱን ጽፏል። ወደ ኒውዚላንድም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ላይ፥ እ.ኤ.አ. በ1945፥ የአውሮፕላን ዕቃ በያዙ ሣጥኖች ተደብቀው የጀርመን ተርብ ንግሥቶች ገቡ፤ እነርሱና በኋላ የተከተላቸው ሌላው የአውሮፓ ተርብ በደቡቡ ደሴት ደን ውስጥ፥ በዛፍ ቅርፊት ላይ የሚንጠባጠበውን ጣፋጭ ጤዛ ከአዕዋፉ አፍ ነጥቀው ጨረሱት፥ የአዕዋፉ ቀለብ የሆኑትንም ነፍሳት አደኑ። በአንዳንዱ ደን ውስጥ ተርቦቹ በሚበዙበት ወራት ጠቅላላ ክብደታቸው ከአዕዋፉና ከአይጦቹ ክብደት ድምር በልጦ ተገኝቷል።

ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ ከላይኪፒያው ጋር ጎን ለጎን ሊጠና የሚገባው በህንድ ውቅያኖስ ከጃቫ በስተ ደቡብ የሚገኘው፥ በአውስትራሊያ ግዛት ያለው የገና ደሴት ነው። በዚያ ደን ውስጥ ትልቁ ሠራተኛ ቀይ ሸርጣን ነው፤ በአሥር ሚሊዮኖች የሚቈጠሩ ሸርጣኖች የወደቀውን ቅጠልና የበቀለውን ቡቃያ እየበሉ የደኑን ወለል ንጹሕ አድርገው ያኖሩት ነበር። ቢጫ ጉንዳን የተባለ መጤ በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ ወደ ደሴቲቱ ገብቶ ለብዙ አሥርት ዓመታት ጥፋቱ ሳይታወቅ ኖረ። እ.ኤ.አ. በ1989 ግን በምድሩ ላይ እግር ማሳረፊያ እስኪጠፋ ድረስ በአንድነት የሰፈረ ሠራዊት ሆኖ ተገኘ። ይህ ጉንዳን የሚናደፍበት እሾህ የለውም፤ በሸርጣኑ ዐይንና መጋጠሚያ ላይ አሲድ ይረጫል፥ ሸርጣኑም ታውሮና ደክሞ ይሞታል። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከ10 እስከ 15 ሚሊዮን የሚደርሱ ሸርጣኖች እንደ ሞቱ ተገምቷል። ሸርጣኑ በሌለበት የቅጠሉ ንጣፍ ወፈረ፥ ቡቃያው ያለ ከልካይ ጥቅጥቅ ብሎ በቀለ፥ ቀድሞ ሸርጣኑ ይገድለው የነበረው ትልቁ የአፍሪቃ ቀንድ አውጣም መንገድ አግኝቶ ወደ ደኑ ገባ። የአንዱ መጤ ድል ለሌላው መጤ በር ከፈተለት።

መድኃኒቱም ከመብል ድሩ ውስጥ መፈለጉ የሚያስገርም ነው። የቢጫው ጉንዳን ሠራዊት የሚጸናው በዛፎቹ ላይ ጭማቂ የሚመጥጡ ቅርፊታም ነፍሳት በሚሰጡት ጣፋጭ ፈሳሽ ስለ ሆነ፥ ሊቃውንቱ ጉንዳኑን በመርዝ ብቻ ከመዋጋት ቀለቡን ለማቋረጥ አሰቡ። በቅርፊታሙ ነፍሳት አካል ውስጥ እንቁላሏን የምትጥል አንዲት ደቃቃ ተርብ ከማሌዥያ አመጡ፤ ሌላውን የደሴቲቱን ፍጥረት የማትነካ መሆኗን ለብዙ ጊዜ ከመረመሩ በኋላም እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ ወር 2016 በደኑ ውስጥ ለቀቋት። ባዕድን በባዕድ መዋጋት አስፈሪ ሥራ ነው፤ በችኰላ ከሆነም ጥፋትን ያበዛል። እዚህ ላይ የተመሰገነው ነገር ምርመራው የቀደመ መሆኑ ነው።

በደቡብ አፍሪቃ ኬፕ አውራጃ ደግሞ የአርጀንቲና ጉንዳን ያደረሰውን በአጭሩ ልንገራችሁ። በዚያ ከእሳት በኋላ የሚበቅሉ ቍጥቋጦዎች አሉ፤ ዘራቸው በጫፉ ላይ ቅባት ያለው መብል ስለ ተለጠፈበት የአገሩ ጉንዳኖች ወደ ጎጆአቸው ጎትተው ይወስዱታል፥ ቅባቱን በልተው ዘሩን በአፈር ውስጥ ይተዉታል፤ ዘሩም ከአይጥና ከእሳት ተሰውሮ ጊዜውን ይጠብቃል። የአርጀንቲናው ጉንዳን ግን ቅባቱን እዚያው በላዩ ላይ ይበላና ዘሩን ሜዳ ላይ ጥሎት ይሄዳል። ቦንድና ስሊንግስቢ እ.ኤ.አ. በ1984 እንዳስረዱት፥ ጉንዳኑ በወረራቸው ስፍራዎች ከእሳት በኋላ የበቀለው ችግኝ እጅግ ጥቂት ሆነ።

ከዚህ በኋላ ወደ አገራችን ልመለስ። በጎንደርና በጎጃም የቤተ ክርስቲያን ደኖቻችን፥ አባቶች በጸሎትና በግዝት ጠብቀው ያቈዩአቸው የጥንቱ ደን ቅሬታዎች መሆናቸውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ከእነዚህ ደኖች በአንዳንዶቹና በአካባቢያቸው፥ የእኛው ሊቅ አለማየሁ ዋሴ የተሳተፉበት የተመራማሪዎች ቡድን እ.ኤ.አ. በ2017 ባሳተመው ጥናት፥ ሌፒሲዮታ ካኔሴንስ የተባለ የአገሩ ተወላጅ ጉንዳን ገንኖ ተገኝቷል። ይህ ጉንዳን መጤ አይደለም፤ ነገር ግን ደን ተመንጥሮ መንገድና እርሻ በሆነበት ምድር እንደ ወራሪዎቹ እጅግ ሰፊ ማኅበር መሥርቶ፥ ከማኅበሮቹ አንዱ እስከ 38 ኪሎ ሜትር ተዘርግቶ ተገኘ። ስለዚህ ወረራ ከውጭ በሚመጣ ፍጥረት ብቻ የሚሆን አይደለም፤ ምድሩ ራሱ ሲጎሳቈል ለወራሪ ጠባይ የሚመች ስፍራ ይሆናል። ደግሞም ይህ ጉንዳን በአበባችን ወይም በችግኛችን አፈር ተጭኖ ወደ ሌላ አገር ቢሄድ፥ እኛው ለሌላው ሕዝብ የመከራ ላኪዎች እንሆናለን።

በሌላ በኩል ደግሞ በላይኪፒያ አጠገብ በናንዩኪ ከተማ የሚያልፈው አውራ ጎዳና በኢሲኦሎና በማርሳቢት አድርጎ ሞያሌ የሚገባው፥ ከዚያም በቦረና አልፎ ወደ አዲስ አበባ የሚደርሰው ነው። ባለ ትልቅ ራስ ጉንዳን በእግሩ ቢሆን ይህን መንገድ በብዙ ሺህ ዓመታት አይጨርሰውም፤ በጭነት መኪና ግን የሁለት ወይም የሦስት ቀን መንገድ ነው። ከገባ በኋላ ማስወጣቱ የማይቻል አይደለም፤ በአውስትራሊያ ካካዱ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ተስፋፍቶ ከነበረበት ስፍራ በመርዝ በተለወሰ መብል ፈጽሞ ተወግዷል። ይህ የተሳካው ግን የያዘው ስፍራ ገና ጠባብ ሳለ፥ ድንበሩ ታውቆ፥ ሥራውም ሳይቋረጥ ስለ ተፈጸመ ነው። አገር ከያዘ በኋላ የሚቻለው በአንዳንድ ስፍራ ማዘግየት ብቻ ነው።

ስለዚህ ቃሌን የማቀርበው በመጀመሪያ ለችግኝ ነጋዴዎችና ለአበባ ወዳጆች ነው፦ ከውጭ አገር ተክል ስታስመጡ ሥሩን አጥባችሁ፥ አፈሩንም በዚያው ትታችሁ አስመጡት። በድንበር ኬላ ለምትሠሩ መርማሪዎች፦ የኮንትሮባንድ ጨርቅ በምትፈትሹበት ትጋት የችግኝ ማሰሮውን ሥር ገልብጣችሁ እዩ። በቦረናና በሐመር ለምትኖሩ አርብቶ አደሮች፦ ጉንዳን ይነክሰን የነበረው ግራር ዛሬ ዝም አለ የምትሉበት ቀን ቢመጣ፥ ነገሩን እንደ በጎ ዕድል ቈጥራችሁ አትለፉት፥ በዚያው ሳምንት ለግብርና ባለሙያው አሳዩት። በደኑ ቅጥር ውስጥ የምታገለግሉ ካህናትና መነኮሳትም፥ ከአጥሩ ውጭ ያለውን መሬት በዛፍ እንዲሸፈን ማድረግ ወራሪውን ከደጅ ማቆም መሆኑን ለምእመናኑ አስተምሩልን። የነፍሳት ጥናት ክፍል ያላቸው ዩኒቨርሲቲዎቻችን ደግሞ ተማሪዎቻቸውን ወደ ቦረና የግራር ምድር ልከው፥ በየዛፉ ላይ የትኛው ጉንዳን እንደሚኖር ባዕድ ሳይቀድማቸው ዛሬ እንዲመዘግቡ አጥብቄ እለምናለሁ።